ከአማቼ ጋር ራኩን ገፈፋ

ከኦሮራ መውጣት

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከባለቤቴ አባት ጋር ራኩን ለመግፈፍ ከምንኖርባት ከኦሮራ ወጣን። ይህን ስጽፍ እኔው ራሴ አላምነውም፤ ግን የሆነው እንደዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ታክሲዬ ውስጥ ነው። ከከተማ ውጭ ከብት የሚያረባ ዴል የሚባል ሽማግሌ ለዓይኑ ሕክምና ዴንቨር ሲመጣ የማመላልሰው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ራኩን ዶሮዎቹን እየፈጀ እንዳስቸገረው አጫወተኝ። ራኩን ለማታውቁት፣ ከድመት ከፍ ያለ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል፣ በፊት እግሩ እንደ ሰው ክዳን የሚከፍት ሌባ አውሬ ነው። የክረምት ፀጉሩ ለኮትና ለባርኔጣ ይፈለጋል። «ላይሰንስ አውጣና ና፤ ወጥመዱ ከኔ፣ ቆዳው ያንተ» አለኝ።

ከታክሲ መሪ የሚያላቅቀኝ ሥራ የተገኘ መሰለኝ። ፈቃዱን አወጣሁ፤ አንድ የዕረፍት ቀኔን ሠውቼ የሽቦ ሳጥኖቹን አብረን አጠመድን። ኮሎራዶ ውስጥ እግር የሚነክሰው ብረት ክልክል ስለሆነ አውሬው ሳጥኑ ውስጥ በሕይወት ነው የሚያዘው። ዴል በየጠዋቱ እየዞረ ሲያያቸው ሰነበተና «እየገቡ ነው፣ ቅዳሜ ና» ብሎ ደወለ።

አማቼን ይዞ የመሄድ ሐሳብ የኔ አልነበረም፤ የባለቤቴ የሂሩት ነው። አባቷ ጋሽ አበራ አሜሪካ ከመጡ ዓመት አልፏቸዋል። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንታችን ውስጥ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ «እሺ አባባ» እላለሁ። ቴሌቪዥኑ ጮኸ። እሺ አባባ። ማሞቂያው በዛ። እሺ አባባ። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አርቀህ አቁም። እሺ አባባ። በሆዴ ግን እየበገንኩ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ከገና በኋላ ጠቅልለው ሲያትል፣ ወንዱ ልጃቸው ዘንድ እንደሚሄዱ አስታወቁ። ሂሩት የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል።

«ስወልድ አንድ የራሴ ሰው እንኳ አጠገቤ አይኑር?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ ቆዳ ፋብሪካ ነው የሠራው። ይዘኸው ሂድ። ደስ አሰኝተኸው ተመለስ።»

ቅዳሜ ጠዋት ስወርድ ጋሽ አበራ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው መኪናው አጠገብ ቆመዋል። በእጃቸው ትከሻቸውን ያዘነበለ ከባድ ፌስታል ይዘዋል።

«አባባ፣ እኮ ሥራው ደም አለው፣ ስብ አለው።»

«ሰው ቤት ነው የምንሄደው አይደል?»

«እሺ አባባ። ፌስታሉን ኋላ ላድርግልዎት?»

«የራሴ ዕቃ ነው» ብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ወደ ምሥራቅ

ከኦሮራ ወጥቶ ሃይዌይ ሰባን ወደ ምሥራቅ የያዘ ሰው ተራራውን በመስታወት እያየ ነው የሚሄደው። ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ነው፤ ቢጫ ሣር፣ የሽቦ አጥር፣ ራቅ ራቅ ብለው የቆሙ የእህል ጎተራዎች። ነፋሱ መኪናዋን ወደ ጎን ይገፋታል። በገፋት ቁጥር አማቼ «ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ» ይላሉ።

ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። ቁርስ ልጋብዛቸው ብዬ ይዣቸው ገባሁ፤ ጾሙ መግባቱን ረስቼ። ዶናቱን አነሱና «እንቁላል አለው ወይ በልልኝ» አሉ። ሻጯ ልጅ አለው አለች። ሌላ ዳቦ አነሱ። «ቅቤ አለው ወይ በልልኝ።» አለው። ብስኩት። ቺፕስ። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። በመጨረሻ ለውዝ ገዙና መኪና ውስጥ ገብተው «ይኼን ያህል ዘመን ኖረህ የጾም ምግብ የት እንዳለ አታውቅም?» አሉኝ። «እሺ አባባ» ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ።

ባየርስ የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፈን ወደ ጠጠር መንገድ ስንታጠፍ አጋዘን የሚመስሉ እንስሳት አጥሩ ሥር ቆመው አዩን። «እነዚህስ?» አሉ ጋሽ አበራ። ከጠዋት ጀምሮ ያለ ቁጣ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነበር።

የዴል ጎተራ

ዴል ከረጅም ቁመቱ ጎንበስ ብሎ አማቼን ጨበጣቸው፤ ከረባታቸውንም አየ። ከዚያ ወደ ደረቁ ወንዝ ወሰደን። ዛፎቹ ሥር ካሉት ሳጥኖች ሦስቱ ውስጥ ራኩን ነበር። አንደኛው የሽቦውን ፍርግርግ በሁለት እጁ ይዞ ያየናል። ዴል በትንሿ ጠመንጃ አንድ በአንድ ገደላቸው። ፊቴን አዞርኩ። አማቼ አማተቡ።

ጎተራው ውስጥ ትምህርቱ ተጀመረ። ዴል አንዱን በኋላ እግሮቹ ሰቅሎ ከተረከዝ እስከ ተረከዝ ቀደደው፤ ጅራቱን ከአጥንቱ ሞሽልቆ አወጣ፤ ከዚያ ሆዱን ሳይነካ ቆዳውን ወደ ታች እየገለበጠ ይስበው ጀመር። «እንደ ካልሲ ነው» አለኝ። ስተረጉም ጋሽ አበራ በባዕድ አገር የሚያውቁትን ሰው እንዳገኙ ሁሉ ፊታቸው በራ።

«ምን ካልሲ ይላል? ስልቻ ነው እንጂ! ለስልቻ የሚሆን ፍየል እንዲህ አይደል የሚገፈፈው?»

ሁለተኛው የኔ ተራ ነበር። ቢላዋው ከቆዳና ከሥጋ መካከል መንሸራተት ሲገባው ወደ ቆዳው ገባ። አንዴ። እንደገና። ብብቱ ጋ ጣቴ በቀዳዳው ወጣች። ዴል «ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ አይደለም» አለ። አማቼ «አበላሸኸው» አሉ። ኮታቸውን አውልቀው ከረባታቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ሸጎጡና ሦስተኛውን ራሳቸው ገፈፉት፤ አንድ ቀዳዳ የለውም።

ቀጥሎ ስቡን መፋቅ መጣ። ቆዳው ተገልብጦ ሾል ባለ ግንድ ላይ ይጠለቅና ሁለት እጀታ ባለው ቢላ ስቡ ወደ ታች ይገፋል። የራኩን ስብ አያልቅም። ጫማዬ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ እንዴት እንደሆነ ባላውቅም ጆሮዬ ውስጥ ስብ ገባ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከግራና ከቀኝ ቆመው ያርሙኛል፤ አንዱ በእንግሊዝኛ «ቀስ»፣ አንዱ በአማርኛ «ጠንከር»። እኔ እየፋቅኩ አስተረጉማለሁ።

ምሳ ሲደርስ የዴል ሚስት ሥጋ ያለበት የባቄላ ወጥ አቀረበች። አማቼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ። ሴትዮዋ ከፋት። ጾም መሆኑን ሳስረዳት ጣሳ ሙሉ ባዶ ባቄላ ከፈተችላቸው፤ እሳቸውም ለኔ ያልነፈጉኝን ቁጣ ሁሉ ለሷ ወደ ምርቃት ለውጠው አወረዱት። ያንንም ተርጉም ተባልኩ።

ቆዳዎቹን እያንዳንዳቸውን በቀጭን ሳንቃ ላይ ወጥረን ስንጨርስ ዴል ጣቱን ቀስሮ ተናገረ። «ነፋስ ብቻ። ጨው እንዳይነካው። ጨው የነካውን ፀጉር ነጋዴ አይገዛም።»

«አባባ፣ ጨው አይነካም ይላል።»

«አያውቅም» አሉ ጋሽ አበራ።

ጋራዡ

ሂሩት ቆዳዎቹን ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ሸተተቻቸውና «ይኼ ነገር እቤቴ አይገባም! ፋቂ ልትሆን ነው እንዴ?» አለች። አማቼ የልጃቸውን ቃል ሰምተው ተቆጡ። «እኔን ፋቂ ሲሉኝ ነው አንቺን ያሳደግኩሽ» አሏት። ቆዳዎቹ ግን አልገቡም።

ጓደኛዬ ሐሰን አዳነኝ። እሱም ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ቤት ስለገዛ ጋራዥ አለው። «ሐላል አይደለም፤ ግን አትበሉትም አይደል?» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ሳንቃዎቹን መስኮቱ ሥር አቆምናቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ብቻቸውን አውቶቡስ ተሳፍረው የማያውቁት ጋሽ አበራ በየቀኑ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወጥተው አውቶቡስ እየያዙ ሐሰን ጋራዥ መመላለስ ጀመሩ። «ላያቸው ነው» ይላሉ። ሂሩት ደስታዋን አልቻለችውም። እኔም ለአንድ ሳምንት ከንዝንዝ ስላረፍኩ ሄጄ አላየሁም። ለመሸጥ ዴንቨር የምንሄድበት ቀን ሲደርስ ቆዳዎቹን ከሳንቃው አውጥተው፣ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ጠበቁኝ።

ዴንቨር

ቆዳ ገዢዋ ነጋዴ ከዳውንታውን በስተሰሜን፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለ መጋዘን ውስጥ ነው የምትሠራው። ግንባሯ ላይ መነጽር የሰቀለች ደልዳላ ሴት ናት። አንሶላውን ፈታች፤ የመጀመሪያውን ቆዳ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገች። ደርቆ እንደ ካርቶን መንኳኳት ሲገባው ረጥቧል፣ ልምጥምጥ ብሏል። ጣቷን ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ አየችኝ።

«ጨው ነው።»

ሁለተኛውንም አሸችው። እሱም ጨው ነው። እነዚያ ሁለቱ ቆንጆዎቹ፣ ዴልና አማቼ የገፈፏቸው ናቸው። ሦስተኛው፣ እኔ በቀዳዳ የጨረስኩት፣ ንጹሕና ደረቅ ነበር። ጋሽ አበራ ለማይረባ ቆዳ ጨው አላባከኑም። ሴትዮዋ ሦስት ዶላር ሰጠችኝና ሁለቱን መለሰችልኝ።

ወደ ዴል ስንሄድ ጉልበታቸው ላይ የያዙት ከባድ ፌስታል ጨው እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

መኪና ውስጥ «ምን አለችህ?» አሉኝ። ካፒቶል ሂል የሚባለውን ሰፈር እስክናልፍ ችዬ ነዳሁ፤ ከዚያ ኮልፋክስ ዳር ፓርክ አደረግኩ።

«ጨው ነክቶታል አለች!»

«እና ታዲያ? ጨው ያልነካው ቆዳ ይበሰብሳል።»

«አባባ፣ ሰውየው አይነካም ብሏል! እኔም ነግሬዎታለሁ! ለምንድን ነው የማይሰሙት? ቴሌቪዥኑ ሲሉ እሺ፣ ማሞቂያው ሲሉ እሺ፣ ይቺን አንዲት ነገር እንኳ ለኔ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት?» ድምፄ ከመስታወቱ ውጭ ሳይሰማ አልቀረም፤ አንድ መንገደኛ ዞሮ አየን። በሕይወቴ አማቼ ላይ ጮኼ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ አበራ አንሶላውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥህ። ዓመት ሙሉ እሺ አባባ፣ እሺ አባባ። እንግዳ ነኝ ወይስ ሕፃን? እኔ ስናገር እሺ ትላለህ፣ ከዚያ መኝታ ቤትህን ዘግተህ ለልጄ ታማኛለህ። ግድግዳው ስስ ነው፣ እሰማለሁ። ሲያትል ያለው ልጄ በስልክ ይጮህብኛል። እኔም እጮህበታለሁ። ዘጋግተን እንደገና እንደዋወላለን።»

«ሲያትል የሚሄዱት… ለዚህ ነው?»

«የሚቆጣኝ ሰው አለ እዚያ።»

ብዙ ቃል አሰብኩ፤ ይቅርታ ልል ከጀለኝ፤ አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጨው መነስነስዎ ግን አሁንም ስሕተት ነው።»

«ለነጋዴዋ ስሕተት ይሆናል» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ለሚለፋ ቆዳ ግን ጨው ነው የሚያቆየው! እነዚህን ሁለቱን እኔ አለፋቸዋለሁ። አንተ ምን ታውቃለህ? ሥጋና ቆዳ መለየት ያቃተህ!»

«የኔ ነው የተሸጠው!»

«በሦስት ዶላር!»

ሞተሩን አስነሳሁ። ኮልፋክስን ይዘን፣ በየመብራቱ እየቆምን፣ እስከ ኦሮራ ድረስ ተጨቃጨቅን። በስብ፣ በጨው፣ በመኪና አነዳዴ፣ በማሞቂያው።

ቤት

ድምፃችን ደረጃው ላይ ቀድሞን ስለደረሰ ሂሩት በሩን ከፍታ ሆዷን ይዛ ጠበቀችን።

«ተጣላችሁ እንዴ?»

«አዎ» አሉ አባቷ፣ ጫማቸውን እያወለቁ። «ባልሽ ግትር ነው። ቆዳ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሳላስተምረው የትም አልሄድም። ለወንድምሽ ደውይለትና ንገሪው።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ላስቀምጥ። ለነጋዴ የሚሆን የፀጉር ቆዳ በነፋስ እንጂ በጨው አይደርቅም። ስቡን አንዴ ፍቄ ጨረስኩ ያለ ሰው እንደገና ይፋቅ። ከታክሲው መሪ አሁንም አልተላቀቅኩም። ቤታችን ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለውም፤ እኔና ጋሽ አበራ ጠዋት እንጀምራለን፣ ሂሩት «ሁለታችሁም ዝም በሉ!» እያለች ከሁለታችንም በላይ ትጮሃለች። ሴት ልጃችን በዚያ ጫጫታ መካከል ተወለደች። አያቷ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበሩ፣ ዘግይተህ አደረስከን ብለው እየተቆጡኝ።