ደንገል ውስጥ የሚጣል ክር

ልጅ እያለሁ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር መምረጥ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አልነበረም። ይህን ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ልያ ናት። እዚህ ለንደን፣ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ቴምዝ ከባሕር እስከሚገናኝበት ወርደው ባስ የሚሉትን ዓሣ ሊያጠምዱ ተነጋግረው ኖሮ፣ ዕቃ ልትገዛ ከኪልበርን ዋና መንገድ ጀርባ ወዳለ አንድ ትንሽ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። ባለሱቁ ጭንቅላቱ እርሳስ የሆነ፣ በላባ የተሸፈነ መንጠቆ አወጣላት። ጂግ ይባላል አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኛ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጠን፣ የነጭ ዶሮ ላባ አስረን የምንሠራው ያው ነገር ነው፤ ስም እንዳለው ግን አላውቅም ነበር።

ክሩ ላይ ስትደርስ ግራ ገባት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ክር ብቻ ነው። ስልኳን አውጥታ ቼክ እያደረገች አነበበችልኝ፤ አረም ለበዛበት የተገመደ ጠንካራ፣ ድንጋይ ላለበት ቢፋቅ የማይጎዳ ወፍራም፣ ለጠራ ውኃ ደግሞ ዓሣ የማያየው ቀጭን። "አባባ፣ ብሬይዱ፣ የተገመደው፣ ይሻላል አይደል? እሱ በፍጹም አይበጠስም ይላል" አለችኝ። አይበጠስም ስትል እጄን ከመደርደሪያው ላይ አነሣሁ። ለምን እንደሆነ እዚያ ቆሜ መናገር አልቻልኩም። እንግዲህ እዚህ ልጻፈው።

አባታችን ጋሽ ቶማ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ወዳጅ ነበሩት። እኔና ታላቅ ወንድሜ ደስታ ከትምህርት ቤት ይልቅ እሳቸው ዘንድ ነበር የምንውለው፤ እኔማ ከትምህርቱ ጨርሼ ቀረሁ። ልያ ከስልኳ ያነበበችውን ሁሉ ሀሁን ሳልጨርስ ከእሳቸው ተምሬዋለሁ። "ክር የሚመረጠው ዓሣው ታይቶ አይደለም፣ ቤቱ ታይቶ ነው" ይሉ ነበር። ገላጣ ውኃ ላይ ቀጭኑን ናይለን እንጥላለን። ድንጋዩ ጋ ደግሞ ወፈር ያለውን። ደንገሉና የሰመጠው ግንድ መሐል ግን የጎማ ክር ነው፤ ዓሣው እንደተያዘ ግንዱን ዞሮ ስለሚተበተብ ሌላው አይችለውም። የጎማ ክር የምንለው ከመንገድ ሥራ ካምፕ ከተጣለ የካሚዮን ጎማ ውስጥ የምንመዘውን ክር ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አድርገን ጭናችን ላይ እያሸን እንገምደዋለን። የላስቲኩ ሽታ ሳምንት ከጭናችን አይለቅም። እናታችን ማታ ብርድ ልብሱን ገለጥ ታደርግና፣ እኔ የወለድኩት ልጅ ነው ወይስ ጎማ እያለች ትስቅብን ነበር።

አንድ ሰሞን ጋሽ ቶማን ወባ ጣላቸው። ለትልቁ ነጭ ዓሣ የሚሆን መንጠቆ በዚያ ሰፈር እንደ ልብ አይገኝም፤ እሳቸው ከነበሯቸው ሦስት ሁለቱን ውኃው ወስዶባቸው አንዱ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። እኛ እናጥምድልዎት ብለን ለመንናቸው። ከትራሳቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን መንጠቆ አውጥተው ለደስታ ሰጡትና ሦስት ነገር አስጠነቀቁን። ከምትቆሙበት ግንድ ላይ ወርዳችሁ ውኃ እንዳትረግጡ፣ አዞ አለ። ክሩን እንጨት ላይ እንጂ እጃችሁ ላይ እንዳትጠመጥሙ። ሦስተኛውን ሲናገሩ ከአልጋቸው ቀና አሉ፤ "መንጠቆዬን ይዛችሁ ኑ። ያለ እሱ ሐይቁ ለእኔ ተራ ውኃ ነው።"

በማለዳ ወረድን። ወደ ደንገሉ ገብቶ የወደቀ ትልቅ ግንድ ነበር፤ እሱ ላይ ወጣን። ደስታ ቀጭኑን ክር ነበር የፈለገው፣ ዓሣ ቶሎ ይበላለታል ብሎ። እኔ ደግሞ በቀጭን ከጣልክ መንጠቆውን ለዓሣው መርቀህ ስጠው አልኩት። "አንተ ደግሞ ጋሽ ቶማን ሆነህ ሞተሃል" ብሎ አሾፈብኝ። በመጨረሻ ግን ሰማኝ። የጎማውን ክር ያስመረጥኩት እኔ ነኝ።

ደስታ ክሩን ፈትቶ ሲጨርስ የተጠመጠመበት እንጨት ከእጁ አምልጦ ውኃው ውስጥ ገባ፤ ወርደን እንዳናነሣው አዞ አለ። ደስታ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ከዚያ ክሩን ግራ እጁ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠመው። ለዛሬ ብቻ ነው አለኝ። መንጠቆውን አቀበልኩት።

መንጠቆውን በደንገሉ ክፍተት አስገብቶ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርገው ጀመር። ጥቂት እንደቆየ ክሩ ተወጠረ። ትልቅ ነው አለ ጥርሱን ነክሶ። ዓሣው ወዲያና ወዲህ ሲራወጥ ደንገሉ ይንቀጠቀጣል፤ ክሩ ግን አልተበጠሰም፤ እኔም ምርጫዬ ሠራ ብዬ ኮራሁ። ድንገት መራወጡ ቆመ። ቀጥሎ የመጣው ሌላ ጉልበት ነው። ዓሣ እየተወራጨ ነው የሚጎትት፤ ይሄ ግን ሳይቸኩል፣ ሳይወራጭ፣ ዝም ብሎ ወደ ጥልቁ ይስብ ነበር። ዓሣችንን አዞ ወስዶታል። መንጠቆው ዓሣው ውስጥ፣ ዓሣው አዞው አፍ ውስጥ፣ የክሩ ጫፍ ደግሞ የወንድሜ እጅ ላይ።

ደስታ ግንዱን በእግሩ አንቆ ተቀመጠ። ክሩ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ጣቶቹ ሲጠቁሩ አየሁ። በስንዝር በስንዝር ወደ ውኃው ይንሸራተታል። ቢላዋ አልያዝንም። ተደፍቼ ክሩን በጥርሴ ሞከርኩት፤ ካሚዮን የተሸከመ ክር ጥርስ አይበግረውም። ኪሴ ውስጥ ዓሣ ልንጠብስበት የያዝነው ክብሪት ትዝ አለኝ። ሣጥኑን ከፈትኩት። ሦስት እንጨት ብቻ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ገና ስጭረው ተሰበረ። ሁለተኛው በደንብ ነደደ። ይሄን ጊዜ ደስታ "ቆይ፣ ትንሽ ቆይ" አለኝ።

ቆየሁ። ብዙ ዘመን የደበቅኩት ይህንን ነው። ክሩን ካቃጠልኩ መንጠቆው እንደሚሄድ አሰብኩ። ጋሽ ቶማ ከአልጋቸው ቀና ሲሉ ታየኝ። ምናልባት አውሬው ይለቀው ይሆናል ብዬ ክብሪቱን ከክሩ አንድ ጣት ርቀት ላይ ይዤ፣ እሳቱ ጣቴን እስኪለበልበኝ ጠበቅኩ። ጠፋ። ደስታ በዚያች አፍታ ሌላ ስንዝር ተንሸራትቶ አንድ እግሩ ውኃው ውስጥ ገባ።

ሦስተኛውን ስጭር እንደ መጀመሪያው እንዳይሰበርብኝ ሁለቱን ክርኖቼን ግንዱ ላይ ደገፍኩ። ነደደ። ከእጁ በታች፣ ክሩ በጣም በተወጠረበት ቦታ አስጠጋሁት። ውኃ ስለነካው በመጀመሪያ ተንጣጣ፤ ከዚያ ጥቁር ጭስ ወጣው፤ ቀለጠና ጧ ብሎ ተቆረጠ። ደስታ ወደ ኋላ እኔ ላይ ወደቀ። ከፊታችን፣ እግሩ ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ፣ ውኃው ተከፍቶ አንድ ሸካራ ጀርባ ብቅ አለና ተመልሶ ሰመጠ።

እየተደጋገፍን ጋሽ ቶማ ቤት ስንደርስ ስለ መንጠቆው አልጠየቁንም። እጁን ተቀብለው የተጣበቀውን ክር በለብ ያለ ውኃ እያራሱ ፈቱለት። ደስታ ሁለተኛው ክብሪት ምን ሆነ ሲለኝ ነፋስ አጠፋው አልኩት። ክሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ግን ለጋሽ ቶማ ተናዘዝኩ። "ምርጫህስ ልክ ነው" አሉኝ። "ግን ጠንካራ ክር ላይ፣ መንጠቆው አጠገብ፣ አንድ ስንዝር ቀጭን ይቀጠልበታል። ቢከፋ በዚያ ይበጠሳል። እኔ ነኝ ሳልነግራችሁ የላክኋችሁ።" ከዚያ ወዲያ ሌላ መንጠቆ አላገኙም። የሌሎችን መረብ እየጠገኑ ኖሩ፤ እኛን ግን አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገሩንም።

የደስታ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይዘረጉም። እሱ አርባ ምንጭ ቀረ፤ እኔ ብዙ አገር ዞሬ እዚህ ለንደን አረጀሁ። በየእሑዱ እንደዋወላለን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆች እናወራለን። ስለዚያ ክብሪት ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ከሱቁ በተመለስን ማግስት ስደውልለት ግን አላስቻለኝም። ነፋስ አልነበረም፣ እኔ ነኝ የጠበቅኩት፣ ለመንጠቆው ብዬ ነው አልኩት። 

 

"እሱን ነው?" አለኝ ወንድሜ። "ነፋስ እንዳልነበረማ ያኔም አውቃለሁ። ደንገሉ መቼ ተነቃነቀ? ግን እኔ 'ቆይ' ያልኩህ ለምን ይመስልሃል? መጀመሪያ ላይ እጄን መፍታት እችል ነበር እኮ። እኔም እንደ አንተ ነኝ። ጋሽ ቶማን በባዶ እጄ ከማያቸው ብዬ ነው።"

 ያኔ ለሁለታችንም አንድ መንጠቆ ከአንድ እጅ ይበልጥብን ነበር፤ እጅ ሁለት ነው፣ መንጠቆው ግን አንድ። ይህን ስለው ሳቀ፤ ሳቁ ያው የልጅነቱ ነው።

"አሁን ጣቶቹ ናቸው የሚናፍቁኝ" አለኝ። "የሸሚዜን ቁልፍ ሚስቴ ነበረች የምትቆልፍልኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ ሹራብ ብቻ ሆኗል የምለብሰው።"

ይህን አላውቅም ነበር። ስንት እሑድ ስለ ዝናብ ስናወራ ኖረን፣ ወንድሜ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚለብስ ጠይቄው አላውቅም።