ኡሙሰልማና የገና ጥዳችን

ኡሙሰልማን ክፉ ቃል የተናገርኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ታሪኳንም እኔው ላውራው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተን አሥራ አንድ ዓመት ኖረናል። እንጨት ሻጭ ነበረች። ከአምባሰል ተራሮች ደረቅ እንጨት እየለቀመች፣ በጀርባዋ አዝላ እያወረደች ገበያ ትሸጣለች። አጭር፣ ከሲታ፣ ምላሷ ግን እንደ መጥረቢያዋ የተሳለ ሴት ናት። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ንግግሩን ሲያረዝመው፣ ከመሀል ተነስታ "ዝናብ መጣ፤ እንጨቴ ሳይረጥብ ቶሎ ጨርስ" ብላዋለች። ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ በዚህ ቃል ሰው ይታሰራል። እሷም ታሰረች። ስትወጣ ያው ራሷ ነበረች።

ባለቤቴ ሙሉጌታ አስተማሪ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ ሲመለስ የገና ዛፍ ፍቅር ይዞ መጣ። እኛ ገናን የምናውቀው አስቀድሰን፣ ቤት ገብተን ፈስከን፣ ወንዶቹም ሜዳ ወጥተው ሩር ሲመቱ ነው። ዛፍ ቤት አስገብቶ ጥጥ ማልበስ፣ በየቅርንጫፉ ጧፍ ማሰር ለሰፈሩ እንግዳ ነገር ነበር። እኔ ግን እንደነገረኝ ወደድኩት። ሰው የሌለው ነገር ቤቴ እንዲኖር ፈልጌ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ይህ የሆነው በ1974 ዓ.ም. ነው። እርጥብ ጥድ መቁረጥ ክልክል ነው። ካድሬዎቹም በዓል የሚያደምቅ አስተማሪን በክፉ ዓይን ያያሉ። ሙሉጌታ ደግሞ እልኸኛ ነው። "በገዛ ቤቴ ማን አባቱ ይከለክለኛል!" አለና ለገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የአብዮት ጥበቃዎቹ ለስብሰባ ውጫሌ የሄዱ ዕለት፣ ሰው የሚያህል ጥድ ቆርጦ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣ። የት ይደበቅ? ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ላይ አጋደምነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥሩ እሳት ሲነድ ከረመ። ስናወርደው ግን አረንጓዴነቱ ያው ነው።

"አየሽ፣ ወይኒቱ? ጥድ አይደርቅም" አለኝ ሙሉጌታ። እኔም አመንኩት።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱን ልጆች ሰበሰብን። ከልጃችን ጋር ዘጠኝ ነበሩ፤ አንደኛዋ የኡሙሰልማ የልጅ ልጅ ራህማ ናት። የቤታችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ተለጥፎበታል፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ በሩም አንድ ብቻ። ሰው እንዳያየን መስኮቱን ዘግተን በሩን ቀረቀርነው። ሙሉጌታ ጧፎቹን በክር አስሮ ጨርሶ ክብሪት ሊጭር ሲል በሩ ተንኳኳ።

"ክፈቱ፣ እኔ ነኝ!"

ድምጿን ለይቼ ከፈትኩ። ኡሙሰልማ በቅል እርጎ ይዛ፣ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጥታ ነው። ዛፉን ስታይ ግን ሰላምታዋን ረሳችው። ቅሉን መሬት አስቀምጣ ቀጥ ብላ ሄደችና አንዱን ጭራሮ አጎበጠችው። ቀጭ አለ።

"መቼ ነው የተቆረጠው?"

"ሰሞኑን" አለ ሙሉጌታ።

"ወላሂ ውሸት! ጢስ ጢስ ይሸታል፤ ምድጃ ላይ ነው የከረመው።" ወደ እኔ ዞረች። "ቀለሙን አትዪ ልጄ፣ ስበሪው። ጥድ ሞቶም አረንጓዴ ነው። እርጥቡ ይጎብጣል፣ ደረቁ ይሰበራል። በደረቅ ጥድ ላይ ጥጥ፣ በጥጥ ላይ ጧፍ፣ በዚያ ላይ በሩን ቀርቅራችሁ! አብዳችኋል?"

ተናደድኩ። በልጆቹ ፊት አዋረደችን።

"እትዬ ኡሙሰልማ፣ ያልተዋጠልሽ ጧፉ ነው ወይስ የክርስቲያን በዓል መሆኑ?" አልኳት።

አፌን በቆረጠው ኖሮ። ስወልድ አርባ ቀን ሙሉ ውሃ የቀዳችልኝ ሴት ናት። አንዴ አየችኝ። ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ራህማን ይዘሽ ሂጂ፣ እኛን ተይን" አላት ሙሉጌታ።

"ራህማን ብቻ? እነዚህ ስምንቱስ የማን ናቸው? ማገዶ ናቸው?" ከዚያ ቀን በፊት ሙሉጌታን አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም። "አንተ መምህር፣ ክብሪቱን ጣል! እኔ ከዚህ አልነሳም፤ በሩም አይዘጋም። ካድሬም ይምጣ፣ ሸይጣንም ይምጣ።"

ሙሉጌታ ሊያሳፍራት ፈለገ። ጥጥ ያለበት አንድ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጓሮ ወጣ። "እንደማይነድ አሳይሻለሁ" ብሎ ክብሪት ጫረ። እኔ በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ እሳቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንጣጣ። ቢወረውረውም ቅንድቡንና የሸሚዙን እጅጌ ለበለበው። ያ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ዞሬ አቡጀዲውን አየሁ፣ ጋዜጣውን አየሁ፣ ከዛፉ ሥር ተኮልኩለው የሚጠብቁትን ልጆች አየሁ። ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን አፈርኩ።

ጢሱ የአብዮት ጥበቃውን ታመነን ጠራው። ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። በሩ ክፍት ነው፤ ዛፉ ከነጥጡ ቆሟል።

"ይህን ጥድ ማነው የቆረጠው?"

ሙሉጌታ አመድ መሰለ። አስተማሪ በዚያ ዘመን ከተያዘ ከሥራው መባረሩ ትንሹ ነው። አፉን ሊከፍት ሲል ኡሙሰልማ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ቀደመችው።

"እኔ ነኝ። እንጨት ሻጭ እያለ ማን ይቆርጠዋል?"

"ክልክል መሆኑን አታውቂም?"

"አሳምሬ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ቆርጦሽ ነው? አንቺ እስላም፣ ገና ምንሽ ነው?"

"የጎረቤቴ ነዋ!" አለችው።

ሙሉጌታ "እሷ አይደለችም..." ብሎ ሲጀምር ዞራ "አንተ ዝም በል! ልጆቹን ማን ያስተምራቸዋል?" ብላ ጮኸችበት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። ታመነ ይዟት ሄደ። ከአጥሩ ሳትወጣ "ጧፉን ፍቱ! በሩን እንዳትዘጉ!" እያለች ትእዛዝ ትሰጠን ነበር፤ ታሳሪ ሳትሆን አሳሪ ትመስላለች።

ዘጠኝ ቀን ቀበሌ አሰሯት። በማግስቱ ምሳ ይዤላት ሄድኩ። ከፍርግርጉ ኋላ ቆማ፣ ቀና ብላ ጠበቀችኝ።

"ጧፉን ፈታችሁት?"

"ፈታነው።"

"ዛፉስ?"

"ከቤት አውጥተን ጓሮ ጣልነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ወጡን ቀምሳ ጨው ያንሰዋል አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የመጣሁት። "እትዬ፣ ትናንት ያልኩሽን..." ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

"እርጎውን በላችሁት?"

አልበላነውም። ቅሉ እሷ ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ እንዳለ ነበር፤ ሙሉጌታም እኔም ልንነካው አፍረን።

"ኧረ በይ ሂጂና ለልጆቹ ስጪያቸው" አለችኝ። "ለበዓላችሁ ነው ያመጣሁት።"