ከተመስገን በኋላ

የመጀመሪያው ቀን ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሰበሰቡን። ጥናቱ የመንግሥት ነው፤ የስኳር ሕመምተኞች ክትትላቸውን ለምን ያቋርጣሉ፣ ቤታቸው ድረስ ቢታከሙስ ይሻላቸዋል ወይ የሚል። ቤት ለቤት የምትዞር ነርስም አብራን ተመድባለች። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ነበርኩ፤ መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ። አንገቴ ላይ መታወቂያ፣ እጄ ላይ ታብሌት።

አስተባባሪያችን ሲስተር ዘነበች ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። «ጤናዎ እንዴት ነው ስትሉ ሁሉም ተመስገን ይላል» አሉን። «‹ጥሩ› ብላችሁ እንዳትሞሉ። ዝም ብላችሁ ጠብቁ።»

ዝም ማለት ለእኔ ቅጣት ነው።

እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ በላይነሽ ቤት ገባሁ።

«ጤናዎ እንዴት ነው እማማ?»

«ተመስገን።»

ጠበቅኩ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ከመንግሥት ነሽ አይደል? እንግዲያው ጤነኛ ነኝ! አሞኛል ካልኩ፣ ብቻዋን መኖር አትችልም ብላችሁ ከሰፈሬ ልታስወጡኝ!»

«እኔም የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ። የኛም ቤት ለልማት ተብሎ ፈርሷል።»

አዩኝ። ካልሲያቸውን አወለቁ። ውስጥ እግራቸው ቆስሏል። ጤና ጣቢያው ዳገት ላይ ነው፤ በዚያ እግር አይወጣም።

ነርሷ በየሳምንቱ እየመጣች ቁስሉን አጥባ በፋሻ ታስር ጀመር። ቁስሉ ጠበበ። «ዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ በየሳምንቱ ሆነልኝ» ይሉ ነበር እማማ፣ እግራቸውን ዘርግተው።

ከዚያ የጥናቱ ጊዜ አለቀ። ታብሌቱን መለስኩ፤ ነርሷም ወደ ድሮ ሥራዋ ሄደች። ሲስተር ዘነበች ጊዜው እንዲራዘም ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። «በጀቱ ለጥናት ነው፣ ለሕክምና አይደለም» ተባሉ።

እኔ ነኝ ሄጄ የነገርኳቸው።

«ጥናቱ አለቀ፣ እማማ።»

«እግሬ እኮ አላለቀም፣ ልጄ።»

ታክሲ ይዤ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት ብል እምቢ አሉ። «አስተኝተውኝ ቤቱ ሰው የለውም ብለው ቢያሽጉትስ?» ክረምቱ ሲገባ ቁስሉ ከፋ። ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት ሲያደርሳቸው እግራቸው ተቆረጠ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው «የማን ልጅ ናት?» እስኪል አለቀስኩ።

የጥናቱ ውጤት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቀረበ። የቤት ለቤት ክትትል ቁስል ያድናል ይላል። እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው አጨበጨበ። ሲስተር ዘነበች አላጨበጨቡም፤ እኔም።

አሁን አምስት ኪሎ ሌላ ጥናት ላይ ነኝ። አዲስ ለሚገቡት ይህን እነግራለሁ፦ ሰው ቤት በገባችሁበት ቀን መቼ እንደምትወጡ ተናገሩ። ፋሻ ማሰር የሚለምድ ጎረቤትም በዚያው ቀን ፈልጉ።