ሚያዝያን የማይሻገር ሙጫ

የአርባ ምንጯ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ጊታር ያለው ሰው ሁሉ አንድ አባባል ያውቅ ነበር፤ «የጋሽ ሀብቴ ፍሬት ሚያዝያን አይሻገርም።» አባባሉን ከሚያዛምቱት አንዱ እኔ ነበርኩ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ከዋናዎቹ አንዱ።

ፍሬት የሚባሉት በጊታር አንገት ላይ በአግድም የሚሰኩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ጣት ክሩን ወደ እነሱ ሲጫነው ነው ድምፁ የሚለየው። ከእነዚህ አንዷ ከተቀመጠችበት ቦይ የፀጉር ያህል ቀና ካለች ክሩ መንዘርዘር ይጀምርና ጊታሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሆናል። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የከተማውን ጊታሮች ፍሬት ሲነቅሉና ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዋና ሙያቸው አናጢነት ነው፤ አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራሉ። ጊታሩ የመጣው በወጣትነታቸው ከቀበሌ ኪነት ጋር ይጫወቱ ስለነበር ነው። ባለቤታቸውን ሸዋነሽንም የተዋወቋት እዚያው ስትዘፍን ነው። ሸዋነሽ በ1993 ጥቅምት ላይ በወባ ሞተች። ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸውና የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ፌቨን ብቻ ሆኑ።

ሙጫቸውን የሚሠሩት ራሳቸው ነበሩ። ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ የሚያመጣው ኦይታ ማንም የማይፈልገውን የዓሣ ቆዳ፣ ለአባ ኮዳ አሞራዎች ከመወርወሩ በፊት ለእሳቸው ይለይላቸዋል። ጋሽ ሀብቴ ቆዳውን አጥበው በቲማቲም ድልህ ጣሳ ከሰል ላይ ያፈሉታል። ሽታውን አልነግራችሁም። ሰፈሩ ሲያማርር ድመቶቹ ብቻ ደስ ብሏቸው አጥሩ ላይ ይደረደሩ ነበር። በዐቢይ ጾም ሲያፈሉ ደግሞ አንዲት ጎረቤታቸው «ጋሽ ሀብቴ፣ ሽታው እኮ አስገደፈን!» ትላቸዋለች።

ይህ ሙጫ በጋውን ሙሉ ጸጥ ብሎ ይይዛል። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲወርድና ወበቁ ሲነሣ ግን ፍሬቶቹ ከዳር ከዳራቸው ብድግ ብድግ ይላሉ። ያኔ መዘምራኑ፣ የሆቴል ሙዚቀኞቹ፣ እንደ እኔ ያለውም መጫወት የማይችል አስተማሪ ጊታሩን አዝሎ ወደ እሳቸው ይመጣል። ጋሽ ሀብቴ ለዳግመኛ ሥራ አያስከፍሉም። «ተቀመጥ» ብለው በርጩማ ይስባሉ፤ የላንቴ ሙዝ ያቀርባሉ። የአንድ ሰዓት ሥራ እስኪመሽ ይጎተታል። ከኪነቱ ጋር በጭነት መኪና ምዕራብ ዓባያ ሲሄዱ ጎማ የፈነዳበትን ታሪክ፣ ሸዋነሽም መንገድ ዳር ቆማ ለሾፌሩ የዘፈነችለትን፣ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። በየዓመቱ ጎማው ሲፈነዳ እስቃለሁ።

በ2001 ትዕግሥቴ አለቀ። ከኸሊፋ ሱቅ አንድ ቱቦ ሱፐር ግሉ ገዝቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመልሷል፤ እርስዎ ገና ዓሣ ይቀቅላሉ።»

ተቆጡ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ! ይሄ አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። ብረቱ ተበልቶ የሚነቀልበት ቀን ሲመጣ እንጨቱን ቦጭቆ ነው የሚወጣው። የኔ በትኩስ ጨርቅ ይለቃል። ሙጫ የሚመረጠው ነገ ለሚነቅለው ሰው ታስቦ ነው፤ ገባህ መምህር?»

ገባኝ፤ ትክክልም ነበሩ። «እሺ፣ ነጩ የአናጢ ኮላስ? እሱም በሙቀት ይለቃል፤ ሚያዝያንም ይችላል» ስላቸው ግን ሙዝ አቀረቡልኝ። ቱቦውን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ፌቨን በ2003 ከከተማችን ዩኒቨርሲቲ በውኃ ምሕንድስና ተመረቀች። አሶሳ አካባቢ የመጠጥ ውኃ ሥራ ላይ ተቀጠረች። የእኛን አገርና አሶሳን ካርታ ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እንደዋዛ ሄደው የሚመለሱበት አይደለም። ከአባቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አባዬ፣ ያንተን የኪነት ጊታር ፍሬቱን ቀይርልኝና ይዤው ልሂድ።»

ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት ጋሽ ሀብቴ አስጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የዋንዛ ቁራጮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ አራት አራት ፍሬት ተክለዋል፤ በአንዱ በዓሣው ሙጫ፣ በሌላው በነጭ ኮላ፣ በሦስተኛው በሱፐር ግሉ። ሦስት ቀን ሙሉ የፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ሲያንጠለጥሏቸው ከርመዋል። የዓሣው አራቱም ተነሥተዋል። ከነጩ አንዱ ላልቷል። ሱፐር ግሉው ላይ ያሉት ንቅንቅ አላሉም።

«ታዲያ ይሄ ምርመራ ያስፈልገው ነበር?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም።

«አሶሳ ወበቅ ነው አሉ።»

«ነው።»

«ጊታር ጠጋኝ ይኖራል?»

«እኔ ምን አውቄ። ከሌለም ለፋሲካ ስትመጣ ይዛው ትመጣለች።»

ይህን ያልኩት ሳላስብ ነው። ጋሽ ሀብቴ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉና የዓሣውን ቁራጭ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«መምህር፣ የዓሣ ሙጫ ይይዛል። ያስተማሩኝ ሰው የተከሉት ሠላሳ ዓመት ይዟል። እኔ ነኝ ውኃ እያበዛሁ የማቀጥነው።»

«ለምን?»

«ሸዋነሽ የሞተች ጊዜ ሐሳቤ እዚህ አልነበረም፤ የዚያን ዓመቱን ሳላውቅ አቀጠንኩት። ሚያዝያ ሲደርስ ሁላችሁም ተግተልትላችሁ መጣችሁ። ቤቱ በሰው ሞላ። ፌቨን እንኳ ሳቀች። በሚቀጥለው ዓመት አውቄ አቀጠንኩት።»

በመጀመሪያ ተናደድኩ። ከሴቻ ዳገት ወደ ሲቀላ፣ በዝናብ፣ ጊታሬን በላስቲክ ጠቅልዬ የወረድኩባቸው አሥራ አንድ ሚያዝያዎች ፊቴ ላይ ተደረደሩ። ልናገር አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያልተበላሸ ጊታር ይዤ፣ ወይም ባዶ እጄን፣ እንዲያው ደህና ዋሉ ልበል ብዬ እዚህ ቤት የመጣሁበት ቀን ነበር? አልነበረም። አንድም ቀን።

«ለሷ ወፍራም አድርገው ያፍሉላታ» አልኩ።

«ሞከርኩ። የዚህን ቁራጭ ፍሬቶች የተከልኩት በወፍራሙ ነው ብዬ ነበር። ጣሳው ፊት ስቆም እጄ ውኃ ይጨምራል፤ የማዘው እኔ አይደለሁም። ለልጄ እጄን አላምነውም። ውኃ የማይጨመርበትን ነው የምፈልገው።» ራሳቸው ከኸሊፋ ሱቅ የገዙትን ቱቦ አነሡ። «የሚነቅለው ሰው ይርገመኝ።»

በማግሥቱ እኔ የጊታሩን አንገት ይዤላቸው ፍሬቶቹን ተከሉ። እያንዳንዷን በቀላል መዶሻ መትተው ካስቀመጡ በኋላ ከጎኗ አንዲት ጠብታ ያንጠባጥባሉ። ጠብታዋ ስንጥቁ ውስጥ ሰርጋ ትጠፋለች፤ እሳቸው ዳሩን ቶሎ ብለው ይጠርጋሉ። ሙዝም ታሪክም አልነበረም። ሻይ እንኳ ሳይቀርብ ሃያ አንዱም አለቁ።

ፌቨን መጥታ አንድ ሁለት ዜማ መታችና ጆሮዋን ወደ ክሩ አስጠጋች።

«አባዬ፣ ይሄኛውስ ሚያዝያን ይሻገራል?» አለች፤ አባባሉን እሷም ታውቀው ኖሯል።

«ይሻገራል።»

አቅፋቸው ሄደች።

ለመጀመሪያው ፋሲካ አልመጣችም፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሥራውም አዲስ ነው ተባለ። ለሁለተኛው ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው፣ በ2005 መሆኑ ነው፣ ፍሬቶቹ የተነሡበትን ጊታሬን ይዤ ጋሽ ሀብቴ ዘንድ ሄድኩ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። መዘምራኑ ኪቦርድ ገዝተዋል። ሌሎቹም የኸሊፋን ቱቦ አውቀውታል፤ እያንዳንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን ይለጥፋል። ኦይታ እንኳ ቆዳውን ለአባ ኮዳ መወርወር ጀምሯል፤ ለጋሽ ሀብቴ የሚለይላቸው በወር አንድ ጊዜ ነው። አጥሩ ላይ አንዲት ድመት ብቻ ነበረች።

ስልኩ ጮኸ። ጆሯቸው እየከበደ ስለሄደ ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ነው የሚያስቀምጡት።

«አባዬ፣ ዘንድሮም አልመጣም መሰለኝ። ሥራ ላይ ነን፤ ማንም ፈቃድ አላገኘም።»

«ግድ የለም የኔ ልጅ። አንቺ ደህና ሁኚ እንጂ። ጊታሩስ?»

«ጊታሩማ! አንድም ፍሬት ንቅንቅ አላለም፤ እንደ ሠራኸው ነው። እዚህ ያሉት ልጆች ማን ሠራልሽ እያሉ ይገረማሉ። ምንም አልሆነም አባዬ፣ አታስብ።»

«እሰይ» አሉ ጋሽ ሀብቴ። «እሰይ፣ እሰይ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጠረጴዛውን በእጃቸው ጠረጉ። የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም። ሥራቸው እንዲህ ሲመሰገን ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ እንዲህ የሚያስከፋ ምስጋናም ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ጊታሬን ተቀበሉኝና አንገቱን አዩት። መደርደሪያው ላይ እጃቸውን ሰደው ቱቦውን አወረዱ።

«እስከ ዛሬ አንከራተትኩህ» አሉኝ፤ ዓይኔን አያዩም። «ያንተንም በዚሁ ልጨርስልህ። ከእንግዲህ አትመላለስም።»

«ተዉት ጋሽ ሀብቴ። የእኔን በዓሣው ያድርጉልኝ።»

«የሚመጣውን ሚያዝያ አይሻገርም እኮ።»

«አውቃለሁ። ቀጠን አድርገው ያፍሉት።»

ቱቦውን ወደ ቦታው መልሰው ከሰል ሊያያይዙ ወጡ። በርጩማውን ራሴ ስቤ ተቀመጥኩ።

«መምህር» አሉኝ ከውጭ፣ ከሰሉን እያራገቡ፣ «ምዕራብ ዓባያ መንገድ ላይ ጎማችን የፈነዳ ጊዜ የሆነውን ነግሬህ አውቃለሁ?»

«ኧረ አልነገሩኝም» አልኩ።