ሦስቱም የእሳቸው ናቸው

ፓሲፊካ በምትባል ከተማ ወደ ውቅያኖሱ ገባ ብሎ የተሠራ ረጅም የሲሚንቶ ድልድይ አለ፤ ፒር ይሉታል። በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በሰመር፣ ሳልመን የሚሉት ዓሣ ወደ ዳር ሲጠጋ ሰው ከኦክላንድም ከሳን ሆዜም የማጥመጃ ዘንጉን ተሸክሞ ይጎርፍበት ነበር። እኔ የዓሣ ፍቅር ኖሮኝ አያውቅም። እዚያ የወሰደኝ በዲቪ የመጣ፣ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር የሚኖር፣ ፓርኪንግ የሚሠራ ወጣት ነው።

እሑድ እሑድ ሳን ሊያንድሮ እኛ ቤት ይመጣል። ባለቤቴ እንደ ልጇ ታየዋለች። እኔን "ጋሼ" ይለኛል፤ ካልተቀመጥኩ አይቀመጥም፣ ካልጀመርኩ እህል አይነካም። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ፣ ኮሌጅ የማስተምር ሰው ነኝና ይህን ሁሉ አክብሮት ልክ እንደ ደሞዜ ሠርቼ ያገኘሁት አድርጌ ነበር የምቀበለው።

ያን ሰሞን ኤርፖርት ለሥራ አመልክቶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ የወንጀል ሪከርድ እንደሌለበት ተጣርቶ መልስ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። "ሪከርዴ ክሊን ከሆነ ኮል እናደርግልሃለን ብለውኛል ጋሼ" ይለኛል በተገናኘን ቁጥር። ኢንሹራንስ ያለው የመጀመሪያ ሥራው ሊሆን ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ይላል።

የሄድንበት ቅዳሜ ጭጋጉ ከባሕሩ አልተነሣም ነበር። መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ሕግ አንብቤ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ፦ ሳልመን ለአንድ ሰው በቀን ሁለት። ከዚያ በኋላ ግን ሊቅነቴ አበቃ። መንጠቆውን ያሰረልኝ እሱ፣ ዘንጉን እንዴት እንደምይዝ ያሳየኝ እሱ። ረፋዱ ላይ እሱ ሁለት ያዘ፤ አንዱ ቢያቆሙት ከጉልበቴ በላይ ይደርሳል። እኔም በስተመጨረሻ አንድ ቀናኝ። እኔ ክሩን ሳጠነጥን እሱ መረቡን አውርዶ ተቀበለልኝ፤ ከእኔ ይልቅ የጮኸውም እሱ ነው።

ዕቃችንን ስንሰበስብ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ በፒሩ እየዞረች ማን ስንት እንደያዘ ትጠይቃለች፣ ዓሣውን ትለካለች፣ ትመዘግባለች። የእኛን ትልቁን ስታይ ፊቷ በራ።

"ማን ነው የያዘው?" አለች።

"ሦስቱም የእሳቸው ናቸው!" አለ ልጁ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ በሁለት እጁ ወደ እኔ እያመለከተ።

ጥያቄው የሕግ አልመሰለውም፤ የሙገሳ ነው የመሰለው። እኛ ዘንድ ደግሞ ታላቅ አጠገቡ ቆሞ ታናሽ "እኔ ነኝ የጣልኩት" ብሎ አይፎክርም። ግዳዩን ለታላቁ ያስረክባል፣ ያስመርቃል። ያደገበትን ነው ያደረገው። እኔስ? ሰሌዳውን ያነበብኩት እኔ፣ ሴትዮዋ "ሦስቱንም እርስዎ?" ስትለኝ ቆቤን ቀና አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ። አጠገባችን የሚያጠምዱ ሽማግሌ አጨበጨቡልኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሴትዮዋ ግን ጽሕፈቷን አቆመች። "የሚፈቀደው ለአንድ ሰው ሁለት ነው" አለች፣ ለእኔ እንዳዘነች በሚያስታውቅ ድምፅ። ይህን ሲሰማ ከጎናችን የሰው የበረዶ ሣጥን ሲፈትሽ የነበረ ዋርደን ቀና አለ። ይኼኛው እንደ እሷ ቆጣሪ አይደለም፤ ሽጉጥ የታጠቀ፣ የሚቀጣ የዓሣ ሕግ አስከባሪ ነው። የቅጣት ወረቀቱን ከኪሱ እያወጣ መጣ።

"ሦስት ይዣለሁ ብለዋል?" አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ልጁ መካከላችን ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። "እንግሊዝኛ አይችሉም! ያልሽው አልገባቸውም፣ ዝም ብለው ነው የነቀነቁት" አለ፣ አንዴ ወደ ሴትዮዋ አንዴ ወደ ሰውዬው እየዞረ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለቱ የእኔ፣ አንዱ የእሳቸው።"

ዋርደኑ አየኝ። ሽበቴን አየ፣ ቆቤን አየ፣ ወረቀቱንም ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጣቱን ፊቴ ላይ ቀሰረና ለደንቆሮ እንደሚናገር እየጮኸ "ሁለት! ሁለት ብቻ! ገባዎት?" አለኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ራሴን አንድ ጊዜ መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ቅድም ለጭብጨባው መቼ አቃተኝ? ሰው ግን ያየናል። ያጨበጨቡልኝ ሽማግሌ በሐዘኔታ ይመለከቱኛል። እነዚያ ሁለት ጣቶች ዓይኔ ሥር ተገትረዋል። ደሜ ፈላ።

"ጌታዬ፣ እኔ በዚህ ቋንቋ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ" አልኩት፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት እንግሊዝኛ። ቀጠልኩም። የትኛው ዓሣ የማን እንደሆነ፣ ልጁ ለምን ለእኔ እንደሰጠው፣ ባህላችን ለታላቅ ስለሚያደርገው ክብር፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁት። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ለእውነት ብዬ ግን አልነበረም። እንግሊዝኛ የማይችል ሽማግሌ ተብዬ መታየቱ አቃጥሎኝ ነው።

ሰውዬው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ስጨርስ ወደ ልጁ ዞረ።

"እንግዲያው ሁለት ጊዜ ዋሽተኻል። መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለእኔ።"

ወረቀቱን እንደገና አወጣ። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። ልጁ ደግ ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው፣ ቅጣቱን በእኔ ያድርጉት እያልኩ ለመንኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የእኔ ስም የትም አልገባም። እኔን "ሰር" እያለ፣ ልጁን ለሕግ አስከባሪ የሐሰት ቃል በመስጠት ከሰሰው፤ ፍርድ ቤት ቅረብ አለው። ልጁ ፈረመ።

"ይሄ ሪከርድ ላይ ይገባል?" ብሎ ጠየቀ።

"ዳኛው ነው የሚያውቀው" አለው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሦስቱንም ዓሣዎች ብቻውን ተሸክሞ እስከ መኪናው ድረስ ከኋላዬ መጣ፤ ላግዘው ብል እምቢ አለኝ። እንደ ወትሮው መጀመሪያ የእኔን በር ከፈተልኝ፤ ገብቼ እስክቀመጥ ቆሞ ጠበቀኝ። እንደዚያ ባያደርግ ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ትልቁን የመኪና ድልድይ ተሻገርን። ኤርፖርቱን አሰብኩ፤ እሱም እሱን እያሰበ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። በመጨረሻ "ፍርድ ቤት አብሬህ እሄዳለሁ። እኔ አስተረጉምልሃለሁ፤ ለዳኛውም ነገሩን በደንብ አስረዳለሁ" አልኩት።

"ግድ የለም ጋሼ፣ አስተርጓሚ እነሱ ይሰጡኛል። እርስዎ አይልፉ" አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።