ባለጆሮው ያልሰማት ሲጥ

በሰፈራችን ብስክሌት የሚጠግነው ሰውዬ ስም አለው ይባላል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን መታወቂያው ብቻ ነው። እኛ ባለጆሮው እንለዋለን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብስክሌት በዓይኑ መርምሮ አያውቅም። የካቻቢቴውን እጀታ በጥርሱ ይነክሳል፣ ጫፉን ብረቱ ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፔዳሉን በእጁ ያዞራል። ከዚያ «የኋላ ጎማ ኩሽኔታ፤ ከኳሶቹ አንዷ ታማለች» ይላል። ሲፈታ ታማ ትገኛለች። አንድ ቀን የደንበኛ ብስክሌት ሲያዳምጥ የጎረቤቱ ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብም አብሮ ተናግሯል። ጎረቤቱን ጠይቄዋለሁ፤ እውነት ነው።

ሱቁ አንዲት ክፍል ናት። በግራ እሱ፣ በቀኝ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከነስፌት መኪናዋ። ግራሶ ወደ ቀኝ፣ ክር ወደ ግራ አይሻገርም። ከሁሉ የከበደው ሕግ ግን የወለሉ ነው። ሚስትየው አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፋለች፤ የኮርሳ ብስክሌት ነጂዎች ጫማ ደግሞ ከሥሩ ፔዳሉን ነክሶ የሚይዝ ጠንካራ ነገር አለው፤ ምንጣፉን እንደ ድመት ይቧጭረዋል። ስለዚህ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ በምትኩ አንዲት ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ትሰጣለች። አንድ ጠበቃ ይግባኝ ለማለት ሞክሮ ነበር፤ ባዶ እግሩን ገባ።

ሰኞ በትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት የሒሳብ አስተማሪዋ መጣች።

«ጋሼ፣ ብስክሌቴ ሲጥ ትላለች። በረገጥኳት ቁጥር! ዳገት ላይማ እንደ አሮጌ አልጋ ነው። እሑድ ውድድር አለኝ።»

«ምን ቸገረሽ፣ ከፊት ያሉት አምቡላንስ መስሏቸው መንገድ ይለቁልሻል» አላትና ካቻቢቴውን ነከሰ። ሚስቱ መኪናዋን አቆመችለት። አዞረ። ዝም። ወጥቶ ራሱ ነዳት። ዝም። አስተማሪዋም በሰማያዊዋ ነጠላ ጫማ ሁለት ጊዜ ዞረችና «አሁንስ ጠፋች» አለች። ለማንኛውም ብሎ ፔዳሎቹን ፈታ፣ ግራሶ ቀባ፣ አስሮ ሸኛት።

ማክሰኞ ተመለሰች። ኮርቻውን ፈታ። ረቡዕ ተመለሰች። መሪውን፣ ሰንሰለቱን፣ የመሐሉን ኩሽኔታ ፈታ። ሐሙስ ላይ ከብስክሌቷ ያልተፈታው ቀለሟ ብቻ ነበር።

«እንዴት አይሰማዎትም ጋሼ? አሁን እንኳ ስመጣ ከመንገድ ማዶ ያሉት ዞረው አይተውኛል!»

እሷ ስትመጣ የስፌት መኪናው እንደ መትረየስ ይንጣጣ እንደነበር ማንም አላሰበም። ያቺ «እንዴት» በባለጆሮው ሆድ ገብታ ተቀመጠች። ሚስቱ «ዕቃ እጠብ» ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ አሁን ግን የትኛውን እንዳልሰማ፣ የትኛውን መስማት እንዳልፈለገ ለራሱም ተምታታበት። ዓይኑ በመነጽር ነው የሚሠራው፤ ጉልበቱ ካረፈ ሰንብቷል። ጆሮው ከሄደ ምን ይዞ ሱቅ ይከፍታል?

«ጆሮዬ ሳይከዳኝ አልቀረም» አላት ሚስቱን በለሆሳስ።

«ምን አልክ?»

«ምንም» አለ፤ ለሰኞም በድብቅ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዘ።

ዓርብ አስተማሪዋ ስትመጣ ሰማያዊዋ ነጠላ ጫማ ከሠላሳ ሺህ እግር በኋላ ማሰሪያዋ ተበጠሰ። ሚስትየው እንደ ዳኛ አሰበችና «በይ ዛሬ ብቻ በራስሽ ጫማ ዙሪ። ከደጅ ወደ ውስጥ ግን እንዳታልፊ!» አለች፤ መኪናዋንም አቆመች። ባለጆሮው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ተስፋውንም ከነጠላ ጫማዋ ጋር ጭኑ ላይ አድርጎ ማሰሪያዋን ሊጠግን ይታገላል።

ሲጥ።

እጁ ቆመ።

ሲጥ። ሲጥ።

«ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ፤ የሚናገር ሰው አልነበረም። «ሰማኋት! ሰማኋት እኮ!» ሠላሳ ዓመት ያልሮጠው ሰውዬ ሮጦ ወጣ። «ግራ እግር! ከብስክሌቷ አይደለም የኔ ልጅ፣ ከጫማሽ ነው!»

ጫማውን አስወልቆ ገለበጠው። ፔዳሉን የሚነክሰውን ነገር ከያዙት ሦስት ብሎኖች አንዱ ላልቷል። ሩብ ዙር አጠበቀ፣ ግራሶ አስነካ። አስተማሪዋ ዞረች፤ ዳገቱን ወጣች፤ ተመለሰች። ዝም። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ንጹሕ ብስክሌት ብልቷ ወጥቶ ስትመረመር ወንጀለኛዋ ምንጣፍ እንዳትቧጭር በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው ለጫማ ያለቅሳል?»

«ግራሶ ዓይኔ ገብቶ ነው» አላት። (እሑድ አሥራ አንደኛ ወጥታለች፤ ያለ አንዲት ሲጥ።)

አስተማሪዋ ስትሄድ ለሚስቱ ሁሉንም ዘረገፈላት፤ ፍርሃቱን፣ ቀጠሮውን፣ ሁሉንም።

«ሐሙስ ያልከውን ሰምቻለሁ» አለችው መርፌዋን ከጨርቁ እየነቀለች። «ደግመህ እንዳትለው ብዬ ነው ያልሰማሁ የመሰልኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

መርፌዋን መያዣዋ ላይ ሰካች።

«ቆይ ግን» አለች። «ጀርባህን ሰጥተህ፣ ከደጅ፣ የአንዲት ብሎን ሲጥ ሰማህ?»

«እንዴታ! ግራ እግር መሆኑን ሳይቀር!»

«እንግዲህ ጆሮህ ደህና ነዋ?»

«ከደህናም ደህና!»

«ተመስገን። በል ዕቃው ከትናንት ጀምሮ እየጠራህ ነው፤ ሳትሰማው አትቀርም።»

ሳያንገራግር ተነሣ። እጅጌውን ሰብስቦ እያፏጨ አጠበ፤ እያንዳንዷን ብርጭቆ በጥፍሩ ነካ እያደረገም ወደ ጆሮው አስጠጋ። ሦስተኛዋ አላማረችውም። «ስንጥቅ አላት» አለ።

ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ ወደ ብርሃኑ ያዘቻት። ነበራት።