አብሽሪ ማለት

ባለፈው ክረምት ወልድያ ውስጥ ከልጅ ልጄ ከቤዛ ጋር በባጃጅ ስንሄድ፣ ባጃጇ ጭቃ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። ቤዛ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ጭቃው ነጭ ጫማዋ ላይ ሲፈናጠቅ ልታለቅስ ደረሰች። ሾፌሩ ዞር ብሎ፣ "አብሽሪ እህቴ! አብሽሩ እናቴ! አሁን ትወጣለች" አለን።

"እማማ፣ አብሽሪ ማለት ምን ማለት ነው?" አለችኝ።

እኔም ትርጉሙን ያወቅሁት እንደሷ ስነጫነጭ ነው።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ጦርነቱ ወልድያን ሲያምሳት፣ ገና ያላገባሁ ኮረዳ ነበርኩ። ወላጆቼ ወደ ሐራ ሲሸሹ እኔ ገበያ ስለነበርኩ ተጠፋፋን፤ ከሰው ጋር ተቀላቅዬ በመርሳ መንገድ ወረድኩ። መርሳ ልንደርስ ስንል አንዱ "አይሮፕላን!" ብሎ ጮኸ። ሮጥኩ፣ ቦይ ውስጥ ወደቅኩ፣ እግሬ ተሰበረ። አይሮፕላኑ አልመጣም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ሳይመጣ ሰበረኝ።

ከቦዩ ያወጡኝ እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጓሯቸው ማንጎና ፓፓያ የሞላው ሙስሊም ሴት። ወጌሻ ጠርተው እግሬን አሳሰሩልኝ፤ እቤታቸው በሩ አጠገብ ሰፊ መደብ ላይ አስተኙኝ። ሐምሌን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ ከእግዚአብሔር ጋር ስጣላ ከረምኩ። ስንቱ ክፉ በሁለት እግሩ እየሄደ የእኔን ለምን? ፍርድ ሲጓደል ዝም ማለት ከልጅነቴም አልችልበትም። ጸሎቴን አቆምኩ፤ ማማተብ እንኳ ተውኩ።

ነሐሴ እንደገባ ወተት ይሰጡኝ ዘንድ ጠየቅኋቸው።

"ፍልሰታ ገብቶ የለም እንዴ?" አሉኝ ወገባቸውን ይዘው።

"በሽተኛ ነኝ እኮ እትዬ።"

"እግርሽ ነው እንጂ ሆድሽ መች ታመመ? ነገ አላህ ፊት ስቆም 'የክርስቲያን ልጅ ጾም አስፈታሽ' ልባል? ወላሂ አልሰጥሽም!"

ከክርስቲያን ጎረቤት ቅቤ ያልነካው ድስት ተውሰው ሽሮ ሠሩልኝ፤ የበቆሎ እሸት ጠበሱልኝ። እኔ የተውኩትን ጾም እሳቸው ጠበቁልኝ። ሳህኑን ባስቀመጡ ቁጥር ታዲያ፣ "አብሽሪ ልጄ" ይላሉ።

አንድ ቀን ቱግ አልኩ። "በምን ላብሽር? እግር የለኝ፣ እናት አባቴ የት እንደገቡ አላውቅ!"

ሳቁብኝ። "ቃሉን ሳታውቂው ነው እንዴ ያደግሽ? ሸኹ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። የምሥራች አለሽ፣ ደስ ይበልሽ ማለት ነው።"

ደስ ይበልሽ! ይህማ መልአኩ ለእመቤታችን ያላት ነው። አራተኛ ክፍል ሳልደርስ በቃሌ የያዝኩት፣ ጠዋት ማታ የምደግመው ጸሎት ነው። መልአኩ ይህን ያለው ለተመቻት ሴት አልነበረም፤ ለደነገጠች ልጅ ነበር፤ ኋላም ማደሪያ አጥታ በረት ውስጥ የወለደች። ያን ጊዜ ለእኔም የተባለ መሰለኝ። አማተብኩ፤ አለቀስኩ፤ ሽሮውንም ጥርግ አድርጌ በላሁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ በዝናብ ርሳ በር ላይ ቆመች። ዓለሚቱ ትባላለች፤ የደርግ ወታደር ባሏን ተከትላ ከሩቅ የመጣች፣ ባሏ የት እንደደረሰ የማታውቅ። ጎረቤቶች ተከትለዋት መጥተው፣ "አንቺ ዘሃራ፣ የወታደር ሚስት አስገብተሽ ጦስ እንዳታመጪብን!" ይላሉ።

እትዬ ዘሃራ ሳይመልሱ እኔ ከመደቡ ላይ ጮህኩ። "እሷ ምን ተኮሰች? ሕፃኑስ ምን ተኮሰ? ነይ ግቢ! ከእኔ ጋር ትተኛለች!"

እትዬ ዘሃራ፣ "እግሯ ነው የተሰበረ፣ አፏ ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ!" ብለው ሳቁ። ጎረቤቶቹም ሳቁ። አንዷ ኋላ ለሕፃኑ ደረቅ ጨርቅ ይዛ መጣች። ዓለሚቱ ከጎኔ ሆና ስታለቅስ፣ "አብሽሪ" አልኳት። ያን ቃል ከነትርጉሙ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

የፍልሰታ ዕለት በምርኩዝ ተነሣሁ። ዓለሚቱ በአንድ በኩል፣ እትዬ ዘሃራ በሌላው ደግፈው ቤተ ክርስቲያን አደረሱኝ። እትዬ ዘሃራ ጫማችንን ተቀብለው ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ለእኔም ዱዓ አድርጊልኝ" አሉኝ። ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ከኩታቸው ሥር ቅል አወጡ፤ ወተት ነበር።

"እንኪ! አሁን ጠጪ።"

ወላጆቼን በኋላ ሐራ በደህና አገኘኋቸው። የዓለሚቱም ባል በሕይወት ተርፎ ወሰዳት። አሁን ሳስበው፣ አብሽሪ ብሎ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ቃሉን ከግማሽ አቋርጦታል። ቀሪው ግማሽ ድስት መዋስ ነው፣ መደብ ማካፈል ነው።

ቤዛ አሁንም መልስ ትጠብቃለች። "ጫማሽን አውልቂና ውረጂ" አልኳት።

"ለምን?"

"ልንገፋ ነዋ! ትርጉሙን ጠይቀሽ የለም?"